«የጉድጓዳችን ውሃ ጨው አለው፤ ምን እንዝራበት?»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከአሚባራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ተበድረን ጉድጓድ አስቆፈርንና በሁለት ሄክታር ላይ ሽንኩርት ተከልን። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ደስ የሚል ነበር። በሁለተኛው ቀነሰ። ዘንድሮ ደግሞ የቅጠሉ ጫፍ እየነደደ፣ ኮረቱ ሳያድግ ቀረ። ጠዋት ስንወጣ መደቡ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነገር ይታያል። ጎረቤታችን «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብሎን ብንጨምርበት ባሰበት። ውሃውን ለምርመራ ልከን «2.4» የሚል ወረቀት መጣልን፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ብድሩ ገና አላለቀም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጉድጓዱን እንዝጋው? ጠለቅ አድርገን እናስቆፍረው? ወይስ ይህን ውሃ የሚችል ሌላ ሰብል አለ? እኛም ልጆቻችንም የምንጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው።
ስሜ ይቆይ፣ ከመካከለኛው አዋሽ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በብድር ያስቆፈሩት ጉድጓድ ማሳዎን ሲያነጣው ማየት እንቅልፍ ቢነሳዎ አይፈረድብዎትም። አስቀድሜ ግን ሁለት ነገር ልንገርዎ። ጉድጓዱን አይዝጉት፤ 2.4 ለእርሻ የማይረባ ውሃ ምልክት አይደለም። ጠለቅ አድርጎ ለማስቆፈርም አሁን ብር አያውጡ፤ ከታች ያለው ውሃ የተሻለ እንደሚሆን ምንም ዋስትና የለም፣ በብዙ ደረቅ አካባቢዎች እንዲያውም የባሰ ሆኖ ይገኛል። የገጠመዎት ችግር ይህ ውሃና ሽንኩርት የማይስማሙ መሆናቸው ነው። ስለ መጠጥ ውሃው የጻፉት ከሁሉም በላይ ስላሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ለብቻው እመለስበታለሁ፤ እባክዎ ሳያነቡት እንዳይቀሩ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ነው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም፤ ጨው በሟሟበት መጠን ግን ማስተላለፉ ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጨው በዝቷል ማለት ነው። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ብቻ እጠራለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ0.7 በታች የሆነ ውሃ ለማንኛውም ሰብል አያሳስብም። ከ0.7 እስከ 3 ያለው በጥንቃቄና በምርጫ ይሠራበታል። ከ3 በላይ ሲሆን ብርቱ ገደብ ይመጣል። የእርስዎ ውሃ መካከለኛው ላይ፣ ወደ ላይኛው ጠርዝ ጠጋ ብሎ ይገኛል።

ነጩ ነገር ከየት እንደመጣ በራስዎ እጅ ሊሰፍሩት ይችላሉ። 2.4 የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 1.5 ግራም ጨው ይይዛል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሞልተው ውሃው ሁሉ ተኖ ቢያልቅ፣ ከታች 300 ግራም ያህል ጨው ይቀራል። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ ወቅት 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ ያ 25,000 በርሜል ነው። 300 ግራሙን በዚህ ያባዙት፤ 75 ኩንታል ጨው ይሆናል። በሄክታር፣ በአንድ ወቅት ብቻ። ፀሐይዋ ውሃውን ትወስዳለች፣ ሽንኩርቱም ውሃውን ይጠጣል፤ ጨውን ግን ሁለቱም አይፈልጉትም፣ አፈሩ ውስጥ ትተውት ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ሆኖ ሦስተኛው የከፋው ለዚህ ነው። ውሃው ምናልባት ያው ነው፤ አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ግን ያው አይደለም።

ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ ለመሳብ ይቸገራል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ እንደተጠማ ይጠወልጋል፤ አርሶ አደሩም «ውሃ አነሰው» ብሎ ይጨምርለታል፣ በዚያው ሌላ ጨው ያመጣለታል። የጎረቤትዎ ምክር የከፋው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ዩሪያም ሆነ ሌላው የፋብሪካ ማዳበሪያ በአፈር ውስጥ ሲሟሟ እንደ ጨው ሥሩን ያስጠማዋል። ማዳበሪያ አይጠቀሙ አልልዎትም፤ ከፋፍለው፣ በጥቂቱ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ይስጡት። አሁን ግን ሽንኩርትዎ የጎደለው ማዳበሪያ አይደለም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። እያንዳንዱ ሰብል የሚችለው የጨው ልክ አለው። ያን ልክ እስኪያልፍ ምርቱ አይቀንስም፤ ካለፈ በኋላ ግን በየደረጃው ይወርዳል። ማስ እና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ይህንን ለብዙ ሰብሎች በቁጥር አስቀምጠውታል፤ እኛም ዛሬ ድረስ የምንሠራው በዚያ መሠረት ላይ በተሠራ ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሮቹ የሚናገሩት በሥሩ ዙሪያ ስላለው አፈር እንጂ ስለ ውሃው አይደለም። ውሃው በደህና ወደ ታች ከሚሰርግበት ማሳ ላይ የአፈሩ ጨዋማነት የውሃውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በእርስዎ 2.4 ውሃ አፈሩ 3.6 አካባቢ ይረጋል ብለን እንነሳ።

የሽንኩርት ልክ 1.2 ነው። ከዚያ በላይ በያንዳንዱ አንድ ቁጥር 16 በመቶ ይጥላል። በ3.6 ላይ ወደ 38 በመቶ ይጠፋል ማለት ነው፤ 100 ኩንታል ይጠብቁበት ከነበረ መሬት 62 ያህል ብቻ ይመጣል። ቦሎቄ ከሽንኩርትም የባሰ ስለሆነ ግማሽ ያህሉን ያጣሉ፤ አይሞክሩት። ቃሪያ 29 በመቶ፣ በቆሎ 23 በመቶ፣ ጥቅል ጎመን 17 በመቶ ይወርዳል። ቲማቲም ግን 11 በመቶ ብቻ ነው የሚያጣው። ከአትክልት አንላቀቅም ካላችሁ፣ ከሽንኩርት ይልቅ ቲማቲም ይሻላችኋል።

በዚሁ ውሃ ላይ ከጨው የተነሳ ምንም ምርት የማያጡ ሰብሎችም አሉ። ማሽላ እስከ 6.8 ይችላል። ጥጥ እስከ 7.7፣ ስንዴ እስከ 6፣ ላም አተር እስከ 4.9፣ ተምር እስከ 4። በሠንጠረዡ አናት ላይ 8 ይዞ የተቀመጠው ገብስ ነው፤ እኔ ግን ለእርስዎ ገብስ አልመክርም፣ ከባሕር ወለል 740 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ሙቀት የገብስ አገር አይደለም። ሠንጠረዥ የሚነግረን ስለ ጨው ብቻ ነው፤ ሙቀቱን፣ ገበያውንና ወፉን እኛ እንጨምርበት። ጥጥን አካባቢዎ ያውቀዋል፣ ገዢውንም ያውቀዋል። ስንዴ በኅዳር ተዘርቶ ቀዝቀዝ ባለው ወራት በመስኖ ሲለማ በአፋር አይታችሁት ይሆናል።

እኔ ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የማስበው መኖን ነው። ከብት ባለበት አገር ደረቅ ወራት ሲመጣ ሣር ገንዘብ ነው። ከእርሻችን ላይ ስንነቅለው የምንውለው ሰርዶ እንኳ እስከ 6.9 ይችላል። ማሽላን ለመኖ ዘርቶ ደጋግሞ ማጨድም ይቻላል። ሽንኩርት ሲሳካለት የሚያስገባውን ያህል መኖ አያስገባም፤ ነገር ግን ብድር ያለበት ቤት ከትልቅ ዕድል ይልቅ በየወሩ የሚገባ ጥቂት ብር የበለጠ ያረጋጋዋል። በዳርቻው ላይ ደግሞ ተምር ይትከሉ። ተምር ታጋሽ ተክል ነው፤ አፈሩ 18 ቢደርስበት እንኳ ግማሽ ምርቱን ይሰጣል። ፍሬ ለማየት ዓመታት መጠበቅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብድር የሚከፍልልዎ ተምሩ ሳይሆን በመሃሉ የሚዘሩት ነው። ችግኙን ከዘር አያፍሉ፤ ከዘር የበቀለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆን ፍሬ አይሰጥም። ከእናቲቱ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ይፈልጉ። አሳይታና አፋምቦ አካባቢ ተምርን ከቆየ ልምድ የሚያውቁ አልሚዎች አሉ፤ እነርሱን መጠየቅ ከብዙ መጽሐፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን በአንድ ነገር ላይ ቆሟል፤ ጨው መውጫ እንዲኖረው። ለሰብሉ ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ውሃ ጨምረን ጨውን ከሥሩ በታች እናወርደዋለን፤ ይህ ጨው ማጠብ ይባላል። በእርስዎ ውሃ ለማሽላ 8 በመቶ ያህል ጭማሪ ይበቃል። ለቲማቲም 24 በመቶ ነው። ሽንኩርት ምንም ምርት ሳይቀንስ እንዲያድግ ከተፈለገ ግን ከሚሰጡት ውሃ ሁለት ሦስተኛው ለማጠብ ብቻ መፍሰስ አለበት፤ ሰብሉ ከሚጠጣው ሦስት እጥፍ ውሃ መሳብ ማለት ነው። ነዳጁን ያስቡት። ሽንኩርትን ተዉት የምልዎ ስለማልወደው አይደለም፤ ሂሳቡ እምቢ ስላለ ነው።

የታጠበው ጨው ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ የአሚባራ መሬት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በመልካ ሰዲና አሚባራ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች የሚጠጡት የአዋሽን ውሃ ነበር፤ የአዋሽ ውሃ ደግሞ ከእርስዎ ጉድጓድ እጅግ የጣፈጠ ነው። ሆኖም ትርፍ ውሃ መውረጃ ሳይኖረው ለዓመታት ሲጠጣ፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ እያለ መጣ፤ ሥር አካባቢ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ላይ ሳበችው፣ ጨውን ይዞ ወጣ፣ ሰፊ መሬትም ነጥቶ ተጣለ። በጣፋጭ ውሃ እንዲህ ከሆነ በእርስዎ ውሃ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ መገመት አያቅትዎም። ማሳዎ ዳር ሁለት ሜትር ጉድጓድ ይቆፍሩና ውሃ ካጠጡ ከሁለት ቀን በኋላ ይመልከቱ። ደረቅ ከሆነ ማጠብ ይቻላል። ውሃ ከቆመበት መውረጃ ቦይ ሳይዘጋጅ አያጥቡ፤ ጨውን ቁልቁል የሰደዱት መስሎዎት እያስቀመጡት ነው።

እስካሁን ስለ ጨው ብዛት ብቻ ተናገርኩ። ዓይነቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀትዎ ላይ የጎደለው ይህ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሶዳ የምንለውን ይሠራሉ። መተሐራ አጠገብ መንገዱ ዳር የምናየው፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረውና ዛሬ ከ40 በላይ የሆነው የበሰቃ ሐይቅ ውሃው እንዲህ ያለ ነው። ሶዲየም የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናቸዋል፤ አፈሩ ሲርስ እንደ ጭቃ ሊጥ ይሆንና ይደፈናል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። አሳሳቹ ነገር ጨዋማው ውሃ ራሱ አፈሩን ለጊዜው ክፍት አድርጎ መያዙ ነው። በሐምሌ የመጀመሪያው ጣፋጭ ዝናብ ሲዘንብበት ድንገት ይደፈንና ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል።

ይህን ቤትዎ ውስጥ መሞከር ይችላሉ። ከማሳው የአተር ፍሬ የሚያህሉ ደረቅ ጓሎችን ይውሰዱ፤ በብርጭቆ ባለ የዝናብ ውሃ ውስጥ ሳይነቀንቁ ያስቀምጧቸውና እስከ ማግሥቱ ይተዉአቸው። ጓሉ ቢፈራርስም ውሃው ጥርት ካለ ደህና ነው። በዙሪያው ወተት የመሰለ ደመና ከወጣ ሶዲየም በዝቷል። መድኃኒቱ ጀሶ ነው፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ በውሃ ይታጠባል። መጠኑን የሚወስነው ላቦራቶሪ ነው፤ በግምት አይበትኑ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ደጋ ያለ ዘመድ «እኛስ ኖራ ጨምረን ነው መሬታችን የዳነ» ቢልዎ፣ እውነቱን ነው፣ ግን ስለ አሲዳማ አፈር ነው። የእናንተ አፈር ከዚያ ተቃራኒው ነው፤ ኖራ አይጠቅመውም።

ቀጥሎ ስለ አዘራር። ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ጨው የሚጎዳው በብቅለት ሰዓት ነው። ትልቁ ማሽላ የሚስቀበትን ጨው ቡቃያው አይችለውም። ስለዚህ ከመዝራትዎ በፊት ማሳውን አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡት፤ የሚቻል ከሆነ ይህ የመጀመሪያው ውሃ የወንዝ ወይም የዝናብ ይሁን። በቦይ ሲያጠጡ ጨው የሚሰበሰበው የመደቡ አናት ላይ ነውና ዘሩን አናቱ ላይ አያድርጉት፤ በጎኑ፣ ወደ ውሃው ጠጋ አድርገው ይዝሩት። ዘር ትንሽ ጨምረው ይዝሩ። ችግኝ የሚያፈሉ ከሆነ በጣፋጭ ውሃ ያፍሉት፣ ጠንከር ሲል ያዛውሩት። ውሃ ቅጠል ላይ አይርጩ፣ በተለይ በቀትር። ነጩን ቅርፊት አንስተው ከማሳ ውጭ ይጣሉት እንጂ በማረሻ አይቅበሩት።

የአዋሽ ውሃ በተራ የሚደርስዎ ከሆነ ሌላ በር ተከፈተልዎ። የወንዙ ውሃ ለምሳሌ 0.4 ቢሆን ከጉድጓዱ ጋር እኩል ሲቀላቀል 1.4 ይሆናል፤ በዚያ ላይ የሽንኩርት ጉዳት ከ38 ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ሽንኩርትን ጨርሶ መተው ያሳዘናት ባለቤትዎ ከሆነች፣ በግማሽ ሄክታር ላይ በዚህ መንገድ ይሞክሩት። ከመቀላቀልም የተሻለው ጣፋጩን ለብቅለት፣ ጨዋማውን ተክሉ ካደገ በኋላ መስጠት ነው።

አሁን ሳይዘገዩ ባለሙያ መጥራት ያለብዎትን ምልክቶች ልንገርዎ። ነጩ ቅርፊት ወደ ጥቁር ወይም ቅባት መሰል ቡናማ ከተለወጠ ሶዳው በርትቷል ማለት ነው። ያጠጡት ውሃ ከአንድ ቀን በላይ ማሳው ላይ ቆሞ ከዋለ፣ ወይም ሁለት ሜትሯ ጉድጓድ ውሃ ካሳየች፣ ወይም የውሃው ቁጥር ከወቅት ወደ ወቅት ከፍ እያለ ከሄደ አይጠብቁ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ መሳብን ያመለክታል፤ ፓምፑ ከሥር ያለውን ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ እየጎተተው ነው። ከእነዚህ አንዱንም ካላዩ ግን ጊዜ አለዎት፤ ተረጋግተው ይሥሩ።

የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ይዘው ወደ ወረር የግብርና ምርምር ማዕከል ይሂዱ፤ ጨዋማ መሬት ላይ ለረጅም ዘመን የሠራ፣ ለእናንተም ቅርብ የሆነ ተቋም ነው። ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ። ፓምፑን ግማሽ ሰዓት ካስነሱ በኋላ፣ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ በታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሁለት ሊትር እስከ አፉ ሞልተው ይዝጉት፤ በማግሥቱ ይድረስ። አፈሩን ከሦስት ጥልቀት ለየብቻ ይውሰዱ፦ ከላይ እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር። ከነጣውም ካልነጣውም ቦታ። 3.6 ብዬ የተነሳሁበት ግምት ነው፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል ዘር ከመግዛትዎ በፊት የአፈሩ ውጤት ይታይ። ውሃው ላይ ከጨው ብዛት ሌላ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ባይካርቦኔት፣ ቦሮንና ፍሎራይድ እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። ከዚያ «ቀሪ ሶዲየም ካርቦኔት» የሚባል ቁጥር ያወጣሉ፤ ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ተርፎ የሚቀረው ሶዳ ማለት ነው። ከ1.25 በታች ከሆነ ይረፉ። ከ2.5 በላይ ከሆነ ያለ ባለሙያ ምክር በዚህ ውሃ ብቻ አያልሙ።

ፍሎራይድን የጠቀስኩት ለልጆቹ ነው። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ፍሎራይድ በዝቶ መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሲፈላም አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን እየጠነከረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ የበለጠውን ለዓመታት የጠጣ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል፣ እጅግ ሲበዛ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ከብቶቻችሁ 2.4 ጨው ያለበትን ውሃ ቢጠጡ፣ ካልለመዱት መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ ተቅማጥ ቢያሳይባቸው እንጂ ጨውነቱ አያሳስብም። ለልጆች ግን እስኪረጋገጥ አይጠበቅም። የማንኛቸውም ጥርስ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ መስመር ካሳየ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ የምትጠጡት ከጉድጓድ እንደሆነም ይንገሩ። የምርመራው ውጤት እንደደረሰዎ ወረቀቱን እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ፤ የዘሩን ምርጫና የጀሶውን ነገር አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ቀን የልጆቹ የመጠጥ ውሃ ከሌላ ቦታ ይምጣ።